የጡብ ምድጃን ከጎንደር ክረምት የሚያስጥለው የትኛው ልስን ነው?

በጓሮ የተሠራ የጡብ ምድጃ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ችግር አይታይበትም። ድፎው ይጋገርበታል፣ ጥብሱ ይወጣለታል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲከር ግን ጉዱ ይገለጣል። ልስኑ መጀመሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፤ በነሐሴ ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል፤ በመስከረም እሳት ሲነድበት ደግሞ ልስኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ሱቅ ሄዶ «ውሃ የማያስገባ ነገር ስጡኝ» ይላል። አንዱ ሱቅ የውጭ ቀለም ይሰጠዋል፣ ሌላው ሬንጅ፣ ሦስተኛው ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ። ግንበኛው «ኖራ ነው እንጂ» ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ «ቆርቆሮ አልብሰው በቃ»።

አምስቱም ምክሮች ውስጥ እውነት አለ፤ ሁሉም ግን ለሁሉም ምድጃ አይሆንም። ከዚህ በታች የማንንም ምርት ስም ሳንጠራ እያንዳንዱን በተመሳሳይ መስፈርት እናያለን።

ምድጃውን የሚያፈርሰው ምንድን ነው?

ጡብ ውሃ ይጠጣል። በጡቡ ላይ የተደረበው ሙቀት መያዣ፣ ጭቃና ጭድ ይሁን አመድ፣ ከጡቡም የበለጠ ይጠጣል። ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ የከረመ ምድጃ ውስጥ እሳት ሲነድ ያ ውሃ እንፋሎት ይሆናል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ስለዚህ እንፋሎቱ ቶሎ ይነሳል፤ ሲነሳም ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካገኘ ሳይታይ ይወጣል። መውጫው በቀለም ወይም በሬንጅ ከተደፈነ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ልስን በክረምት ሳይሆን ከክረምት በኋላ በመጀመሪያው ትልቅ እሳት የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጠላት የሙቀት መስፋፋት ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው የጡብ ሥራ በ300 ዲግሪ ሲሞቅ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ደረቅ ሲሚንቶ ያንን እንኳ አይችልም።

መስፈርቶቹ

ማንኛውንም አማራጭ በእነዚህ አምስት ጥያቄዎች ይመዝኑት። የክረምት ዝናብን፣ በተለይ ከነፋስና ከበረዶ ጋር የሚመጣውን፣ ምን ያህል ይገታል? ከውስጥ የሚመጣን እንፋሎት ያስወጣል? ምድጃው ሲሞቅና ሲበርድ አብሮ ይለጠጣል ወይስ ይሰነጠቃል? ሲበላሽ በቤት ሰው እጅ ይጠገናል ወይስ ሁሉንም ማፍረስ ይጠይቃል? ወጪውስ?

ከአምስቱ አንዱን ብቻ ይምረጡ ብንባል ሁለተኛውን እንመርጣለን። ዝናብን በጣሪያ ማስቀረት ይቻላል፤ የታፈነ እንፋሎትን ግን በምንም ማስቀረት አይቻልም።

ከልስን በፊት የሚደረግ ፍተሻ

የትኛውንም አማራጭ ቢመርጡ እርጥብ ጉልላት (የምድጃው ክብ አካል) ላይ አይለስኑ። አዲስ የተገነባ ምድጃ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ትንሽ እሳት ይነደድለት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ለሁለት ሰዓት ያህል በጭራሮ ብቻ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ። በመጨረሻው ቀን እሳቱ ገና ትኩስ ሳለ አንድ ክንድ የሚያህል የፕላስቲክ ቁራጭ ጉልላቱ አናት ላይ ዘርግተው ጠርዙን በአሸዋ ይጫኑት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲያነሱት ከሥሩ ጠል ካለ ምድጃው ገና አልደረቀም፤ ሁለት ቀን ያንድዱና እንደገና ይፈትሹ። ደረቅ ከሆነ ልስን ይጀምሩ።

እጅም ይናገራል። ምድጃው ለአንድ ሰዓት በደንብ ከነደደ በኋላ መዳፍዎን በውጭ በኩል ያሳርፉ። አምስት ሰከንድ መታገሥ ካልቻሉ ሙቀት መያዣው አንሷል፤ ምንም ልስን አይበረክትበትም። መጀመሪያ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚሆን የጭቃና ጭድ ንብርብር ይጨምሩ። ጭዱ በዛ ያለ፣ ጭቃው ጭዱን ለመያዝ ብቻ የሚበቃ ይሁን።

ጣሪያ

ጣሪያ ልስን አይደለም፣ ግን ከሁሉም በፊት የምናስቀምጠው እሱን ነው። ጎንደር ውስጥ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ሳያባራ ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልስን የሚደርቅበት ቀን እንኳ አይገኝም። ጣሪያ የሌለው ምድጃ በየትኛውም ልስን ቢሸፈን ለሦስት ወር ውሃ እየጠጣ ይከርማል። ጣሪያ ያለው ግን ተራ የጭቃ ልስን ለብሶም ያልፋል።

ውስጡ 1 ሜትር የሆነ ጉልላት ከነጡቡና ከነሙቀት መያዣው ውጭው 1.4 ሜትር ገደማ ይሆናል። በየጎኑ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ክፈፍ ይጨመርለት፤ ስለዚህ ጣሪያው 2.6 በ2.6 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ ነፋስ የሚነዳው ዝናብ የምድጃውን ወገብ ይመታል። ተዳፋቱ ወደ አፉ እንዳይሆን፣ ወደ ኋላ ይሁን፤ አለበለዚያ ጋጋሪው ጀርባ ላይ ነው ውሃው የሚወርደው። አሸንዳ ማድረግ ካልቻሉ ውሃው የሚያርፍበትን ቦታ ጠጠር አንጥፈው ቦይ ይቅደዱለት፤ ከመሬት የሚረጨው ጭቃና ውሃ የምድጃውን እግር ከሥሩ ይበላዋል።

የባሕር ዛፍ ቋሚ ርካሽ ነው፣ ግን መሬት ውስጥ የገባው ጫፉ በምስጥ ይበላል። ቋሚውን በሲሚንቶ ጉጥ ላይ ከመሬት 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ ማቆም ዕድሜውን ያረዝማል። አቅም ካለ ቱቦላሬ (የብረት ቋሚ) ይሻላል። ጭስ ማውጫው ጣሪያውን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሞራሌ ወይም ማንኛውም እንጨት ከቱቦው ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ክፍተቱ በላሜራ ይሸፈን። ጭስ ማውጫው ከጣሪያው በላይ 60 ሴንቲሜትር ይውጣ፣ ኮፍያም ይኑረው። ኮፍያ የሌለው ጭስ ማውጫ ዝናቡን በቀጥታ ወደ ምድጃው አፍ ያወርደዋል፤ ብዙ ሰው የልስን ችግር ነው ብሎ የሚለፋበት እርጥበት ከዚህ ሲመጣ አይተናል።

የኖራ ልስን

ኖራ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በፋሲል ግቢ ያሉት አብያተ መንግሥት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆሙት በድንጋይና በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገባቸው ጥገና ኋላ ለግንቦቹ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረገው እድሳት ወደ ኖራ ተመልሷል። ያ ውሳኔ ለጓሮ ምድጃም ትምህርት አለው፤ የሚጠጣ ነገር ላይ የማይጠጣ ነገር መለጠፍ አያዋጣም።

ኖራ እንፋሎት ያስወጣል፣ ትንሽ ይለጠጣል፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ቢያወጣ በኖራ ውሃ ሲቀባ ራሱን ይደፍናል። ጉድለቱ ትዕግሥት መጠየቁ ነው። የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ስለሆነ ዝናብ ከመምጣቱ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ መለሰን አለበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። በግንቦት የተለሰነ ኖራ በሰኔ ታጥቦ ይሄዳል።

የተገዛው ኖራ ያረጀ እንዳይሆን ይፈትሹት። ጥቂቱን በውሃ ለውሰው ሎሚ ይጭመቁበት። ብዙ ከተንጨረጨረ ኖራው ከረጢት ውስጥ ሳለ ወደ ድንጋይነት ተመልሷል፤ ለነጭ ቀለም እንጂ ለልስን አይሆንም። ጥሩ ከሆነ በበርሜል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ እንደ እርጎ ሲረጋ ይደርሳል። ውሃ ሲነካው የሚፈላውን ትኩስ ኖራ የሚጠቀሙ ከሆነ ኖራውን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አያፍስሱ። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ድብልቁ አንድ የረጋ ኖራ ለሦስት በወንፊት የተነፋ አሸዋ ነው። ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ተቆርጦ የተበተነ የፍየል ፀጉር አንድ እፍኝ ለእያንዳንዱ ባልዲ ቢገባበት ስንጥቁ በጣም ይቀንሳል። የመጀመሪያው ድርብ 10 ሚሊሜትር ይሁን፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጭራሮ ይጫር፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይቆይ። ሁለተኛው 8 ሚሊሜትር ይበቃል። በመጨረሻ ኖራው እንደ ወተት ቀጥኖ አራት ወይም አምስት ጊዜ በብሩሽ ይቀባ፣ በየመካከሉ አንድ ቀን እየተተወ።

ጣሪያ ለሌለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። 200 ግራም የልብስ ሳሙና (ዱቄቱ ሳይሆን ደረቁ፣ ከዘይትና ከአመድ ውሃ ዓይነት የሚሠራው) ፈግፍገው በ5 ሊትር ሙቅ ውሃ ያሟሙትና በደረቀው ኖራ ላይ ይቀቡት። ሳሙናው ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ውሃ የማያሟሟው ስስ ሽፋን ይሆናል፤ ዝናቡ ላዩ ላይ እንደ ዕንቁ እየተንከባለለ ሲወርድ ያዩታል፣ እንፋሎቱ ግን መውጣቱን አያቆምም። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ይደገም።

ሲሚንቶና ኖራ በአንድ ላይ

ለብዙ ሰው የሚስማማው ይህ ነው። አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ። ሲሚንቶው ቶሎ እንዲይዝና ዝናብ እንዲችል ያደርገዋል፣ ኖራው ልስላሴና መተንፈሻ ይሰጠዋል።

ከላይ ለጠቀስነው ምድጃ የሚለሰነው ስፋት ከነአፉ ቅስት 3.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ለ2 ሴንቲሜትር ውፍረት 70 ሊትር ልስን ያስፈልጋል። ቁሱ ሲቦካ መጠኑ ስለሚቀንስ ይህ የሚጠይቀው 80 ሊትር አሸዋ (አራት ባለ 20 ሊትር ባልዲ)፣ 13 ሊትር ኖራና 13 ሊትር ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው ወደ 19 ኪሎ ስለሚመጣ የሚባክነውን ጨምሮ ግማሽ ከረጢት ይበቃል። ከዚህ በላይ ሲሚንቶ አይጨምሩ። «ጠንከር ይበል» ተብሎ የተጨመረ ሲሚንቶ ነው ብዙ ምድጃ የሰነጠቀው።

በሥሩ የዶሮ ሽቦ ይልበስ፣ መደራረቢያው 10 ሴንቲሜትር ይሁን፣ በቀጭን ሽቦ ይታሰር። ሽቦው ከሙቀት መያዣው ላይ ተለጥፎ እንዳይተኛ በየቦታው ትንሽ ጠጠር ከሥሩ ያስገቡ፤ ልስኑ ከኋላውም እንዲገባ ነው። ሁለቱ ድርቦች በሁለት ቀን ልዩነት ይለሰኑ። ከዚያ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ፣ በጆንያ ይሸፈን። እሳት የሚነደው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እሱም ከትንሹ ጀምሮ።

ጭስ ማውጫና የአፉ ቅስት ከጉልላቱ ጋር በሚገናኙበት መስመር ልስኑን አያገናኙት። 5 ሚሊሜትር ክፍተት ይተውና ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ወይም በጭቃ ይሙሉት። ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ መጠን ስለሚሞቁ ስንጥቅ ሁልጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው።

በጉልላቱ አናት ላይ ደግሞ ከልስኑ ወጥቶ ሙቀት መያዣው ውስጥ የሚያቆም፣ ጡቡን ግን የማይበሳ፣ የ1 ኢንች ብረት ቱቦ ቁራጭ ይተከል። ላዩ በተገለበጠ ቆርቆሮ ኮፍያ ይሸፈን። ከክረምት በኋላ በመጀመሪያው እሳት ከዚያች ቱቦ እንፋሎት ሲወጣ ያያሉ። ያ እንፋሎት ቱቦው ባይኖር ልስንዎን ይገፋ ነበር። የፕላስቲክ ቱቦ አይሆንም፤ ይለሰልሳል።

ጭቃና ጭድ

ጣሪያ ካለ፣ ገንዘብ ከሌለ፣ ይህን ይምረጡ። ከምድጃው ሙቀት መያዣ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ አብሮት ይሞቃል፣ አብሮት ይበርዳል። አንድ እጅ ጭቃ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የጤፍ ጭድ ተረግጦ ለሦስት ቀን ይቦካ። በመጨረሻ የተልባ ዘይት በትንሹ ሞቅ አድርገው በስሱ ሁለት ጊዜ ቢቀቡት ላዩ ይጠነክራል፣ አቧራ አይሰጥም። ዘይቱ ሲበዛ እንፋሎቱንም ይዘጋል፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይብቃ። የዘይቱ ጨርቅ ተጠቅልሎ አይቀመጥ፤ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ከዝናብ በቀጥታ ከተገናኘ ጭቃ አንድ ክረምትም አይሞላም።

ሲሚንቶ ብቻ

አንድ ለሦስት የተለሰነ ሲሚንቶ መጀመሪያ ቀን ያምራል። ከሁለት ወር በኋላ ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ውሃ የሚገታ ፈሳሽ ቢጨመርበት ችግሩ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ለምድጃው እግርና ለማገዶ ማስቀመጫው ግንብ ይጠቅማል፣ ለጉልላቱ አይጠቅምም። ጀሶ ደግሞ ከቤት ውጭ ጨርሶ አይነሳ፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል።

ቀለምና ሬንጅ

ሬንጅ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ እንፋሎትም አያሳልፍም። ቦታው ከምድጃው በታች፣ በመሠረቱና በግንቡ መካከል ነው፤ እዚያ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ይገታል።

የውጭ ቀለምና ኳርትዝ (አሸዋማ የግድግዳ ቀለም) በደንብ ሙቀት መያዣ ባለው፣ ፈጽሞ በደረቀና አናቱ ላይ የእንፋሎት ቱቦ ባለው ምድጃ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ያለ እነዚህ ሦስቱ ቀለሙ ውሃ የቋጠረ ቡግንጅ ያወጣል። ቡግንጁን ሲበሱት ውሃ ካፈሰሰ ያ ውሃ ከዝናብ ሳይሆን ከምድጃው ከራሱ የመጣ ነው። የተሻለው ድንጋይና ልስን ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ውሃ የሚገፋ፣ ላዩ ላይ ግን ሽፋን የማይሠራ ፈሳሽ ነው። ሲገዙ ሻጩን «እንፋሎት ያሳልፋል?» ብለው ይጠይቁ፤ ጣሳው ላይ ካልተጻፈ አይግዙ።

ድንጋይና ሴራሚክ

ያምራል፣ በረዶንም ይችላል። ውሃው የሚገባው በመገጣጠሚያው ነው፤ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ብቻ ከተሞላ ይሰነጠቃል፣ በኖራ ድብልቅ ይሞላ። ክብደቱን መሠረቱ መቻል አለበት፣ ዋጋውም ከሁሉ ይልቃል። ክብ ጉልላት ላይ ትላልቅ ንጣፍ አይቀመጥም፤ ተሰብሮ በትናንሹ መደርደር አለበት።

| አማራጭ | ዝናብ መግታት | እንፋሎት ማስወጣት | ስንጥቅ መቋቋም | ጥገና | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጣሪያ (ከማንኛውም ልስን ጋር) | በጣም ጥሩ | አይነካውም | አይነካውም | ቀላል | መካከለኛ |
| ኖራ | መካከለኛ፣ በሳሙና ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ቀላል፣ በየዓመቱ | ዝቅተኛ |
| ሲሚንቶና ኖራ | ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ጭቃና ጭድ | ደካማ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | በጣም ቀላል | በጣም ዝቅተኛ |
| ሲሚንቶ ብቻ | እስኪሰነጠቅ ጥሩ | ደካማ | ደካማ | ከባድ | መካከለኛ |
| ቀለም፣ ኳርትዝ | ጥሩ | ደካማ | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ሬንጅ | ጥሩ | የለም | ደካማ | ከባድ | ዝቅተኛ |
| ድንጋይ፣ ሴራሚክ | ጥሩ | እንደ መገጣጠሚያው | መካከለኛ | ከባድ | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

በሳምንት አንድ ቀን ለቤት የሚጋገርበት ከሆነና ገንዘቡ ውስን ከሆነ፣ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ጣሪያው ላይ ያውሉት፤ ልስኑን በጭቃና በጭድ ይጨርሱ።

ጣሪያ መሥራት የማይቻልበት ቦታ ከሆነ፣ የኪራይ ግቢ ወይም ጠባብ ጓሮ፣ ኖራ በሳሙና ይሻላል። በክረምት ጭስ ማውጫው በክዳን ይዘጋ፣ ምድጃው ላይ ሸራ ይጣል፤ ሸራው ግን ልስኑን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ ይበል። ልስኑ ላይ ተጣብቆ የተኛ ሸራ ራሱ ጠል ይሠራል።

ለሽያጭ በየቀኑ የሚነድ ምድጃ ከሆነ ጣሪያና የሲሚንቶ-ኖራ ድብልቅ ከነእንፋሎት ቱቦው። በየቀኑ የሚነድ ምድጃ በክረምትም ራሱን ያደርቃል፤ የሚጎዳው አልፎ አልፎ የሚነደው ነው። እንዲያምር የሚፈልጉ፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ግቢ ካላቸው፣ በዚሁ ላይ የኖራ ቀለም ወይም በኖራ የተሞላ የድንጋይ ልባስ ይጨምሩ።

አስቀድሞ በሲሚንቶ ብቻ የተለሰነና የተሰነጠቀ ምድጃ ላላቸው፣ ሁሉንም ማፍረስ ግድ አይደለም። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ይምቱት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ተላቋል፣ እሱን ያንሱ። የቀረው ይቆይ። አናቱ ላይ የእንፋሎት ቱቦ ይክተቱለት፣ ምድጃውን ለአንድ ሳምንት በትንሽ እሳት ያድርቁት፣ የፕላስቲኩን ፍተሻ ይድገሙ፣ ከዚያ ስንጥቁን ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ከፍተው በአንድ ለሦስት ኖራ ይሙሉት። ይህ ሥራ በጥር ከተጀመረ ለሰኔ ዝናብ ደርሶ ይጠነክራል፤ ሚያዝያ ከገባ ግን ኖራውን ለሚቀጥለው ዓመት ይተዉትና ለዘንድሮ ጣሪያውን ያስቀድሙ።